ጠርሙስ ቁጥር ሁለት

ጥቅምት 3

ለእህቴ ልጅ፣ በእጄ ላደግከው፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የምትንጠለጠልበትን ገመድ ሁሉ ያጥብቅልህ፤ ከላይ ወጥተህ በሰላም የምትወርድ ያድርግህ። እኔ ደህና ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ራሴ የሰማሁትን ወሬ ላርም። «አሮጊቷ ብቻዋን ወጥ ቤት ቆማ ጡጫዋን እያወዛወዘች ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ከማን ጋር እንደምትጣላ አይታወቅም» ይባላል። ወሬው የተነሣው ከማዶ ፎቅ ነው። ፀጉር ሠሪዋ መስኮቷ ከመስኮቴ ትይዩ ስለሆነ፣ ደንበኛ ሲጠፋ የምታየው እኔን ነው። መቆሜ እውነት ነው። ጡጫዬን መጨበጤም፣ ማወዛወዜም፣ መቁጠሬም እውነት ነው። ሐሰቱ መጣላቴ ብቻ ነው። በጡጫዬ ውስጥ ያለው የናይትሬት መመርመሪያው ጠርሙስ ቁጥር ሁለት ነው። ስትሄድ በዓሣው ገንዳ ጎን የለጠፍከው ወረቀት «ቁጥር ሁለትን ሠላሳ ሰኮንድ በኃይል ነቅንቂ፤ ዱቄቱ ከሥር ይተኛል» ይላል። እኔም እነቀንቃለሁ። ጮክ ብዬ የምቆጥረው ደግሞ በልቡ የቆጠረ ተማሪ ሁሉ እንደሚያጭበረብር የሚያምን የኬሚስትሪ አስተማሪ ስላስተማረኝ ነው። ማስመሪያው እስከ ዛሬ ጣቴ ላይ አለ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ያለፈው ሰኞ ልኬት አርባ ነው። የመመርመሪያው ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ቀይ ሆኗል፤ ከሠንጠረዡ ጋር በቀን ብርሃን አስተያይቼዋለሁ። አንተ «ከሃያ አያልፍም» ብለኸኝ ነበር። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ እቀይራለሁ፤ የምተካውን ውሃ የክሎሪኑ ሽታ እንዲለቀው ከአንድ ቀን በፊት በሁለት ባልዲ ቀድቼ አሳድረዋለሁ። ዓሦቹ ይበላሉ፣ ይዋኛሉ። ቢሆንም አርባ አርባ ነው። ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት እንደ እንፋሎት በኖ አይጠፋም፤ ከውሃው ጋር ቀድተው ካልደፉት እዚያው ይከማቻል። ምን ልጨምር? ምን ልቀንስ?

ገንዳውን ስትተውልኝ «ለስድስት ወር» ብለህ ነበር። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። ወቀሳ አይደለም፤ የቀን ቆጠራ ነው።

አክስትህ

ጥቅምት 28

ለእቴቴ፣ ለሚዛኗ፤

እንደምን ከረምሽ? ዕድሜሽን ያርዝመው፤ እጅሽ አይዛል።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት በሁለት ፎቅ መሀል በቆመ ሊፍት ጣሪያ ላይ ተቀምጬ ነው። የፀጉር ሠሪዋ ወሬ ጋ ስደርስ ሳቄ ከላይ እስከ ታች አስተጋባ፤ አለቃዬ ከታች ሆኖ «ምን ተበላሸ?» ብሎ ጮኸ። ከአሁን በኋላ ስታይሽ ጠርሙሱን አንሥተሽ አሳያት። ንገሪያት፣ ቁጥር ሁለት በደንብ ካልተነቀነቀ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ይዋሻል። እኔም መጀመሪያ ላይ ሳልነቀንቅ ዐሥር እያነበብኩ፣ ውሃዬ ንጹሕ ነው እያልኩ ስኩራራ ነበር። ባለጭረቱ ዓሣ ሞቶ ነው የነቃሁት።

አርባ ብዙ ነው፣ ግን አትደንግጪ። ምግብ ቀንሺ፤ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። ከሥር ያለውን ጠጠር በረጅሙ የላስቲክ ቱቦ ሳቢው፤ ቆሻሻው እዚያ ነው የሚተኛው። ሩብ ሳይሆን ሲሶ ቀይሪ፤ በየሳምንቱ ሳይሆን በየአራት ቀኑ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም እንዳትቀይሪ፣ ዓሦቹ ይደነግጣሉ።

ባልዲ ይዘሽ ደረጃውን ስትወጪ ስትወርጂ ግን ሐሳብ ይዞኛል። የደረጃውን ፎቶ ብትልኪልኝ? የላይኞቹን ክፍሎችም። እንዲያው ናፍቆኝ ነው። የአጎቴን ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ብቅ እያለች እንድታይሽ ነግሬያታለሁ።

ያሳደግሽው

ኅዳር 6

ልጄ ሆይ፤

ጤና ከደጅህ አይራቅ። መልስህ ደርሶኛል፤ ፊደልህ አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል።

እንዳልከኝ አደረግኩ። ጠጠሩን በቱቦ ስቤ የወጣውን ብታየው ዓሦቹን ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። አንተ እዚህ በነበርክበት ጊዜ ተስቦ እንደማያውቅ ተረድቻለሁ። ቱቦውን በአፌ ስጀምርም አንድ ጉንጭ ዋጥኩ። ይህንን ለፀጉር ሠሪዋ እንዳትነግር። ሲሶውን ውሃ ቀየርኩ፤ ምግቡን በሻይ ማንኪያ ጫፍ አደረግኩት።

አሁን ግን የገረመኝን ልጻፍልህ። ትናንት ልብስ ሰፊዋ መጣች። ከመምጣቷ ከአንድ ሰዓት በፊት ለክቼ አሁንም አርባ አግኝቼ ነበር። ነገርኳት። «እስቲ እኔ ልሞክረው፣ እቴቴ» አለች። እኔ ከቧንቧው ባልዲ ስሞላ እሷ ጨርሳ ጠበቀችኝ። ቱቦዋ ብርቱካናማ ነው፤ ዐሥር።

«እንደ ወረቀቱ ነው የሠራሽው?» አልኳት።

«እንደ ወረቀቱ ነው።»

እሷ ቀኑን ሙሉ ቀለም ከቀለም ስታስተያይ የምትውል ሰው ናት፤ ጥቁር ክር ከጥቁር ሰማያዊ በመብራት ትለያለች። ያው ውሃ፣ ያው ገንዳ፣ ያው ሰዓት። አንዳችን ተሳስተናል፤ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላኝ እኔ ነኝ። መነጽሬን ከዘፈዘፍኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል ብል ይሻላል፤ ከለወጥኩ ማለቴ ነው። ይኸው፣ ስጽፍም ተሳሳትኩ። ሰርዤ እንደ አዲስ አልጽፈውም፤ ስህተት በቦታው ይቆይ።

የደረጃውን ፎቶ ልብስ ሰፊዋ አንሥታለች። ከላይ ሦስት ክፍል እንዳለ ታስታውሳለህ፤ ምን እንደናፈቀህ ግን አልገባኝም። አንዱን ያኔ «እስር ቤት» ትለው ነበር፤ የቤት ሥራህን የምትሠራበት ስለነበር።

አክስትህ

ታኅሣሥ 19

ለእቴቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ስለዘገየሁ ይቅርታሽን። ሥራ በዛ።

ስለ ዐሥሩና ስለ አርባው ብዙ አሰብኩበት። ልብስ ሰፊዋም ደውላልኝ ነግራኛለች። ቁጥሩን በጽሑፍ እንድታስቀምጥልኝ ጠይቄያታለሁ፤ ለማስታወሻ ያህል። ዓሦቹን ተያቸው፤ እኔን ያስጨነቅሽኝ አንቺ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ለእኔ ብቻ። ዓይንሽ እንዴት ነው? የምትረሺው ነገር አለ? ድንገት ገብተሽ ለምን እንደገባሽ የሚጠፋሽ ጊዜ አለ? እኔ እንደ ሐኪም ነኝ፤ ከእኔ ወዲያ አይወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ። የቤቱ ካርታ የት ነው ያለው? እሳት ወይም ውሃ ቢያገኘው ብዬ ነው። ከልብስ ሰፊዋ ጋር ላኪልኝ፤ እኔ በአስተማማኝ ቦታ አስቀምጠዋለሁ።

ያሳደግሽው

ታኅሣሥ 27

ልጄ፤

ለእኔ ያሰብከውን ለራስህ ያድርግልህ።

ካርታው ባለበት አለ። እሳት አላገኘውም፤ ውሃም ገንዳው ውስጥ ነው ያለው።

ሌላውን ስለጠየቅከኝ እመልሳለሁ፤ መጠየቅህ ደግሞ ሆዴን አባብቶታል። ሠላሳ አራት ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ጠብታ ስቆጥር ሰው ሁሉ ስለራሱ ሕመም ሲነግረኝ ኖረ። የእኔን የጠየቀኝ የለም። «ሚዛን» ሲሉኝ ሚዛን አይታመምም ብለው ነው መሰለኝ።

እንግዲህ ለአንተ ብቻ። ባለፈው ማክሰኞ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ለምን እንደመጣሁ ጠፋብኝ። በጣቴ በሩን እያንኳኳሁ ቆየሁ። ኋላ ትዝ አለኝ፤ ቱቦውን ልወስድ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ የሟች እናትህን ስም ጠርቼ «ውሃው ሞላ፣ ዝጊው» አልኩ። ከዚያ ራሴን ሰማሁት። ከእነዚህ ሌላ የማውቀው የለም። የማላውቀውን ግን እንዴት ላውቀው እችላለሁ? በዓይኔ መተማመን አቅቶኛል። ቀዩን ቱቦ በመስኮቱ ብርሃን አየዋለሁ፣ በአምፖሉ አየዋለሁ፣ ቀይ ነው። እና ዐሥር ቢሆንስ እላለሁ። ከዚህ በፊት አንድም ቀን «ቢሆንስ» ብዬ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም።

ይህን ጽፌ ቀለለኝ። ስታነበው አትሣቅ።

አክስትህ

የካቲት 2

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው?

ሁሉንም አስቤበታለሁ። ያ ቤት ለአንድ ሰው ሰፊ ነው፤ ደረጃውም አደገኛ ነው። ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ምድር ላይ ያለ አንድ ክፍል ተገኝቶልዎታል። ቅዳሜ ወረቀት ይዛ ትመጣለች፤ በእርሳስ ምልክት የተደረገበት ላይ ይፈርሙ። ማንበብ ዓይንዎን ካስቸገረ እሷ ታነብልዎታለች። ገንዳውን የሚወስድ ሰው አገኛለሁ፤ አይጨነቁ።

ለእርስዎ ሲባል ነው።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 11

ለእህቴ ልጅ፤

«አንቺ» እያልከኝ አድገህ ባለፈው ደብዳቤህ «እርስዎ» አልከኝ። አክብሮት መስሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ አንተ ማለቴን አልተውም፤ የማዕረግ ለውጥ የሚያስፈልገው ሥራ አላየሁብህም። ጤናህን እመኛለሁ። እሱን ከዚህ በፊትም አስቀርቼብህ አላውቅም።

ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ መጣች። ወረቀቱን ከጨርቅ ቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረችና እጇን ላዩ ላይ ጫነችበት።

«እቴቴ፣ ሳታነቢው አትፈርሚ» አለች።

«መቼ ሳላነብ ፈርሜ አውቃለሁ?»

«አይ... ዝም ብዬ ነው።»

ዝም ብላ አልነበረም። ያንተ ፊርማ ያለበት ለፍርድ ቤት የሚገባ ማመልከቻ ነው። አንተ ሞግዚቴ ሆነህ ቤቴን እንድታስተዳድር፣ እንድትሸጥም፤ «አክስቴ የማየትም የማስታወስም አቅማቸው ስለደከመ» ይላል። እኔ ከፈረምኩ በፈቃዴ፤ ካልፈረምኩም በማስረጃ። ማስረጃዎቹ ሦስት ናቸው። አባሪ አንድ፣ ልብስ ሰፊዋ የጻፈችው፤ እኔ አርባ ያልኩትን እሷ ዐሥር እንዳገኘችው። አባሪ ሁለት፣ የፀጉር ሠሪዋ ቃል፤ ብቻዬን ጡጫዬን እያወዛወዝኩ እንደምቆጥር። አባሪ ሦስት የታኅሣሥ ሃያ ሰባቱ ደብዳቤዬ ነው፤ የዕቃ ቤቱና የእናትህ ስም፤ በቀይ እስክርቢቶ ተሰምሮበታል። በቀይ ማስመርን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ «እስር ቤት» በምትለው ክፍል ውስጥ።

የጥቅምት ሦስቱን ደብዳቤ አባሪ አላደረግከውም። ለምን እንደምቆጥር የጻፍኩበትን።

ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልህም፤ ቀይ እስክርቢቶህ አላለቀም ይሆናል። ያደረግኩትን ብቻ እጽፋለሁ።

ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ከዚያ ወደ አባሪ አንድ ተመለስኩ። ከሦስት ወር በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ጠየቅኩ። ሳልጠይቅ ማለፌ የእኔ ጥፋት ነው፤ በራሴ ስም መዝግቤዋለሁ።

«ያን ቀን ጠርሙስ ቁጥር ሁለትን ስንት ሰኮንድ ነቀነቅሽው?»

«መነቅነቅ አለበት እንዴ?»

«እንደ ወረቀቱ ነው የሠራሁት አላልሽም?»

«እቴቴ ሙች፣ ከላይ ያለውን ነው ያነበብኩት! ዐሥር ጠብታ ከአንዱ፣ ዐሥር ጠብታ ከሌላው። የታችኛው ጫፍ ተልጦ ወደ ውስጥ ታጥፏል።»

ሄጄ አየሁት። እውነቷን ነው። እርጥበት አልጦ አጥፎታል፤ እኔ በቃሌ ስለማውቀው ወረቀቱን ካየሁት ቆይቻለሁ። «ሠላሳ ሰኮንድ በኃይል ነቅንቂ» የሚለው ያንተ ጽሑፍ የገንዳውን መስታወት ፊት ለፊት እያየ ነው።

«ነይ» አልኳት። ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ሁለት ቱቦ ሞላን። እሷ እንደ ያን ቀኑ ሳትነቀንቅ፤ እኔ ነቅንቄ፣ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ክር እየለቀመች በጣቷ ትጠቀልል ነበር። ከዚያ የሷ ብርቱካናማ ሆነ፣ የእኔ ቀይ። አንድ ውሃ፤ ዐሥርም አርባም።

«ዓይንሽ ደህና ነው» አለችኝ።

«ዓይኔ ደህና ነው። አንቺ ግን ለምን ታለቅሻለሽ?»

የነገረችኝን እንደነገረችኝ ልጻፍልህ፤ መጨመርም መቀነስም አልወድም። በኅዳር ወር ለክታ እንደወጣች ደውላልህ ነበር። «ትክክል ሠርቼ ይሆን?» ብላ ጠየቀችህ። «ሁለተኛውን ጠርሙስ ነቀነቅሽው?» አልካት። «አልነቀነቅኩም» አለችህ። ከዚያ፣ «ግድ የለም፤ ያገኘሽውን ቁጥር ጻፊልኝ» አልካት።

ይህ ነው። ቤቱ ቢያስፈልግህ ኖሮ ጠይቀኸኝ «እምቢ» እልህ ነበር፤ ወይም «እሺ» እልህ ነበር፤ አይታወቅም። ቤት ጭቃና ድንጋይ ነው። ግን ከዚያ ስልክ በኋላ ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ተቀምጠህ «ዓይንሽ እንዴት ነው? ለእኔ ብቻ ንገሪኝ» ብለህ ጻፍክ። ዓይኔ ደህና መሆኑን ታውቃለህ። ከእኔ በቀር የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ፤ እንዲያውም እኔ አላውቅም፣ አንተ ታውቃለህ። ሦስት ወር ሙሉ ቀዩን ቱቦ እያየሁ በራሴ ዓይን ስጠራጠር፣ ሌሊት ተነሥቼ የመድኃኒት ጠርሙሶቼን ስም በመነጽርና ያለ መነጽር እያነበብኩ ራሴን ስፈትን፣ መልሱ ኪስህ ውስጥ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። ፈረሱ ከመጣሉ በፊት «ወገብሽ እንዴት ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ ግን የነገረኝ የለም።

ልብስ ሰፊዋ አባሪ አንድን ከማመልከቻው ላይ ነቅላ ወሰደችው። «ምስክርነቴን ቀይሬ እጽፋለሁ፤ የነቀነቅኩ ቀንና ያልነቀነቅኩ ቀን ብዬ» ብላለች። በእጇ የጻፈችውን አሳይታኛለች፤ ሁለት ቦታ ላይ ነጥብ አስጨምሬያታለሁ። ፀጉር ሠሪዋንም ጠርቼ ጠርሙሱን አሳይቻታለሁ። «እኔ እኮ ደውሎ ለጠየቀኝ ሰውዬ ያየሁትን ብቻ ነው የተናገርኩት፣ እማማ» አለች። እውነቷን ነው። ያየችውን ተናግራለች። የሰማውን የደበቀው ሌላ ነው።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ መርሳቴንም አልክድም። እናትህንም ስሟን ጠርቻለሁ፤ ምናልባት እንደገና እጠራታለሁ። እህቴ ናት፤ ውሃ መዝጋት ትረሳ ነበር። ይህንን ለማንም ልነግር እችላለሁ፤ ለፍርድ ቤቱም ቢሆን። ለአንተ ብቻ ነበር የነገርኩህ፤ አሁን የማንም ነው።

ማመልከቻው ሳልፈርምበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይመለስልሃል። በእርሳስ ያደረግከውን ምልክት በላጲስ አጥፍቼዋለሁ። የፊደል ግድፈት አራት ቦታ አለ፤ አርሜልሃለሁ፣ በሰማያዊ።

ዓሦቹን የሚወስድ ሰው አትላክ። ዓሦቹ ያንተ ናቸው፤ መጥተህ ውሰዳቸው፣ በቀን፣ ደውለህ። እስከዚያ ድረስ ውሃው የእኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ሃያ አምስት አካባቢ ደርሷል። ሠንጠረዡ ላይ ሃያ አምስት የለም፤ በሃያና በአርባ መሀል፣ ወደ ሃያ የሚያዘነብል ቀለም ነው። ባለጭረቱ ሲሞት የተተካው ሌላው ባለጭረት አሁን ክንፉን ዘርግቷል።

ነገ ጠዋት በመጀመሪያ ዛሬ የቀዳኋቸውን ሁለት ባልዲዎች አሸታለሁ፤ ክሎሪን ከለቀቃቸው ሲሶውን እቀይራለሁ፣ ጠጠሩን እስባለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ቁልፍ ሠሪው ይመጣል፤ የመግቢያው ቁልፍ አንዱ ካንተ ጋር ስለሆነ ጓጉንቸሩን በሙሉ ይቀይረዋል። ልብስ ሰፊዋ አብራው ትመጣለች፤ አዲሱን ወረቀት እሷ በትልቅ ፊደል ትጽፈዋለች፣ በፕላስቲክ እናሽገዋለን፣ የታችኛው መስመር ላይኛው ይሆናል። ከዚያ ሁለታችንም ቱቦ እንሞላለን። ከዚያ የወጥ ቤቱን መስኮት ሁለቱንም ክንፍ እከፍታለሁ፤ ጠርሙስ ቁጥር ሁለትን በጡጫዬ ይዤ፣ ማዶ ፎቅ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ።

አክስትህ